የካሜራው ዘበኛ

ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ሰፈሩ ሰላም ነው?» ብሎ ነው። መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። ደላላውን ከጠየቀ፣ የእኛ ሰፈር በር ከፍተው የሚተኙበት፣ ልብስ አስጥተው የሚረሱበት፣ ሌባ የሚባለው ፍጡር በቴሌቪዥን ብቻ የሚታይበት አገር ነው። ዘበኛውን ከጠየቀ፣ በተለይ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ መልስ በሚጠባበቅበት ሰሞን ከሆነ፣ ሰፈሩ የጦር ግንባር ነው፤ ትናንት ሌሊት ብቻ ስንቱን ዘራፊ እንዳባረረ ይቆጥርለታል። አዲስ ጫማው ከደጃፉ የተወሰደበትን ጎረቤቴን ያገኘ እንደሆነ ደግሞ ስምንተኛው ሺህ ገብቷል። አከራይዋ እናት መሐል ሰፋሪ ናቸው። «ሰላም ነው ልጄ፤ ብቻ አታምሽ፣ ስልክህን መንገድ ላይ አታውጣ፣ በረንዳ ላይ ምንም አትተው፣ በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፍ። ሌላው ሰላም ነው።»

ሰፈራችን የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ ቤቱና ባሕር ዛፉ በሚገፋፉበት የእንጦጦ ግርጌ ነው። በወረቀት ላይ ከታየ ከእኛ የተሻለ የተጠበቀ ሰፈር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ለአውሮፓ ለጋሲዮኖች ሰፋፊ መሬት የሰጡት በዚሁ በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ስለነበር፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ሩሲያ ግንብ አጥረው፣ ጥበቃ አቁመው እዚሁ አጠገባችን ይኖራሉ። ልብ በሉ፤ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ መቀመጫ ካላቸው አምስት አገሮች ሦስቱ ጎረቤቶቻችን ናቸው። እንዲያም ሆኖ ለፋሲካ የተገዛ ዶሮ ከነገመዱ ይጠፋል። ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣናቸው እስከ ዶሮ አይደርስም።

የሰፈራችን ሌሊት በፈረቃ የተከፋፈለ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ያለው የሌባው ነው። ከዚያ በኋላ አያ ጅቦ የወንዙን ሸለቆ ተከትሎ ከእንጦጦ ይወርድና የቆሻሻ ገንዳውን ሲፈትሽ ያድራል። ሌባውም ይህን ስለሚያውቅ ሥራውን ቀደም ብሎ ጨርሶ ይገባል። አንዳንዱ ሰው ጅብ ሲጮህ ይሸበራል፤ እኔ ግን ጅቡ እስኪጮህ ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጅብ ከጮኸ መንገድ ላይ ሰው የለም ማለት ነው፤ ሰው ከሌለ ደግሞ የሚያሰጋ ነገር የለም። ጅብ እስከ ዛሬ ስፖኪዮ ፈትቶ ሲሄድ አልታየም። ዘበኛችን በበኩሉ ጅቡ ሲመጣ ቆርቆሮ ጎጆው ውስጥ ገብቶ ይቀረቅራል፤ ጅቡ ሲርቅ ወጥቶ ፊሽካውን ይነፋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ የተረተው ሰው የእኛን ሰፈር ዘበኛ ሳያውቀው አልቀረም።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሦስተኛው ፈረቃ ይገባል፤ ሯጮቹ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ሳንባ ያጠነክራል ተብሎ ስንቱ አትሌት የሚሠለጥንበት ተራራ ነው። ችግሩ፣ በጨለማ ባለ በሌለ ኃይሉ ቁልቁል የሚሮጥ ወጣት በእኛ ሰፈር ከሁለት አንዱን ሊሆን መቻሉ ነው። ወይ የነገ የኦሎምፒክ ባለድል ነው፣ ወይ የዛሬ ስልክ ነጣቂ። ነባሩ ነዋሪ ይለያቸዋል። ሯጩ ሰዓቱን ያያል፤ ሌባው ኋላውን ያያል። አዲስ ገቢው ግን ይህን አያውቅምና «ሌባ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ነገር ማንም ኃላፊነት አይወስድም። ድንጋይ የሚያነሣው ሰው ምን እንደተሰረቀ አያውቅም፤ ማን እንደተሰረቀም አይጠይቅም። ሰዓቱን ለማሻሻል የሮጠ ልጅ ጭንቅላቱን ሊያጣ ይችላል።

ጫካው ራሱ እንኳ ከእኛ ቀድሞ ተሻሽሏል። ድሮ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ተሰባስቦ፣ ስልኩን ካልሲው ውስጥ ደብቆ፣ ጸሎት አድርሶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ እንጦጦ ፓርክ ሲከፈት መንገድ ተሠራ፣ ጥበቃ ቆመ፤ አሁን ያው ሰው ስልኩን ከካልሲው አውጥቶ ከዛፉ ሥር ሰልፊ ይነሣል። ወደ ሰፈሩ ሲወርድ መልሶ ካልሲው ውስጥ ይከታል። ጫካ ውስጥ ተዝናንቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚፈራ ሕዝብ ሆነናል።

ለመሆኑ ምን ይሰረቃል? እውነቱን ለመናገር የእኛ ሰፈር ሌባ ትሑት ነው። ባንክ አይዘርፍም። የውኃ ቆጣሪ ይፈታል፣ የጋዝ ሲሊንደር ይሸከማል፣ የታጠበ ጂንስ ከገመድ ላይ ያወርዳል፣ የጉድጓድ ክዳን ነቅሎ ለቆራሌው በኪሎ ይሸጣል። የመኪና ስፖኪዮ የወሰደ እንደሆነ ባለመኪናው መለዋወጫ ተራ ሄዶ የገዛ መስተዋቱን መልሶ ይገዛል ይባላል፤ ፊቱን እዚያው አይቶ ካወቀው ማለት ነው። ሙያው የረቀቀው ደግሞ ወደ መገናኛ ይወርዳል። እዚያ አንዱ ጃኬትህ ላይ ይተፋል፣ ሁለተኛው ይቅርታ እየጠየቀ ይጠርግልሃል፣ ሦስተኛው ኪስህን ያቀልልሃል። በሞተር ብስክሌት እየመጡ ቦርሳና ስልክ የሚነጥቁት ከመብዛታቸው የተነሣ የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሞተሮችን ከመንገድ እስከ ማገድ ደርሶ ነበር። የሚያስፈራው ማጅራት መቺው ነው። እሱ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ የተመታው ሰው ከዚያ በኋላ በዚያ ቅያስ ሲያልፍ ትከሻው እየተሸማቀቀ ነው። ዋናው ጎዳና ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ በኮሪደር ልማቱ መብራት አሸብርቋል፤ የእኛ ቅያስ ግን የምታበራው ጨረቃ ናት፤ እሷም በወር ስንት ቀን ትጠፋለች።

እንግዲህ ራሳችንን መከላከል ነበረብን። በመጀመሪያ አጥሩን ከፍ አደረግን። ከዚያ አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተከልን። የጠርሙስ ስባሪ ሌባን ስለማስቀረቱ እርግጠኛ አይደለሁም፤ የባለቤቱን የመጠጥ ታሪክ ለአላፊ አግዳሚው እንደሚያጋልጥ ግን አይቻለሁ። ቡናማው ቢራ ነው፣ አረንጓዴው ወይን ነው፣ ነጩ አረቄ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ የሆነ አጥር ሲታይ ሰው ከንፈሩን መጦ ያልፋል። ቀጥሎ የሚጠማዘዘው ባለምላጭ ሽቦ መጣ። ሽቦው እስከ አሁን የያዘው ፌስታልና የልጆች ኳስ ነው። «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ሰሌዳም በየበሩ ተሰቀለ። ከጎረቤቶቼ የአንዱ ውሻ ከሞተ ቆይቷል፤ ሰሌዳው ግን ሥራውን አልለቀቀም፤ በዚህ ላይ ምግብ አይበላም።

በመጨረሻ ካሜራው መጣ። ከእኔ ማዶ ያሉት ሰውዬ በአራቱም ማዕዘን ካሜራ ሰቅለው፣ በየሽምግልናውና በየለቅሶው «አሁንማ ዝንብም አታልፍ» እያሉ ሰነበቱ። አንድ ማለዳ የመኪናቸው ስኮርት ጎማ ጠፍቶ ተገኘ። ካሜራው በሚገባ ቀርጾታል። ሰፈርተኛው ሁሉ በስልካቸው ዙሪያ ተሰብስቦ ተመለከተው። ኮፍያ ያለው ጃኬት የለበሰ፣ አፍና አፍንጫውን የሸፈነ ሰው ጎማውን ተሸክሞ በእርጋታ ይሄዳል። ደግመን አየነው፤ አቁመን አየነው፤ ከዚያ ምን አወቅን? ሌባው ጃኬት እንዳለው አወቅን።

ቅያሱ ጥግ ላይ ድንች፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ የሚሸጡ እናት አሉ። እማማ ነው የምንላቸው። ስልኩን አንዱ ልጅ ወስዶ አሳያቸው። መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም። «እግሩን ሲጥል አታዩትም? ቁርጥ አባቱን!» አሉ። ማን እንደሆነ ግን ለማንም አልነገሩም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ልጁ እናት ቤት ሄዱ። ማምሻውን ጎማው በሩ ላይ ተደግፎ ተገኘ። ካሜራው ጎማውን አንድ ሰው እንደወሰደው ነገረን፤ እሳቸው የማን ልጅ እንደሆነ፣ መቼ ሥራ እንደፈታ፣ ጎማውን ገና እንዳልሸጠውና ማን ቢቆጣው እንደሚመልስ ያውቁ ነበር። «የጎረቤት ሌባ ሲያዩት ይስቃል፣ ሳያዩት ይሰርቃል» ይባላል፤ እማማ እሱ የሚስቅበትንም የሚሰርቅበትንም ሰዓት ይዘውታል።

አባቶቻችን ሌባ የሚይዙበት ብልሃት እንደ አገሩና እንደ ጊዜው የተለያየ ነበር። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባም ሌባ ሻይ የሚባለውን ታውቅ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ደላላው እንደሚለው በር ከፍቶ የሚተኛ ሰው ያን ጊዜ ቢኖር ወዮለት! በገጠሩ ደግሞ አውጫጭኝ ነበር። ዕቃ ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ አጥፊው እስኪታወቅ ንቅንቅ እንዳይል ይደረጋል፤ አጥፊው ካልተገኘ ሕዝቡ አዋጥቶ ይክሳል። ዛሬ አንዱን ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ከነተከራዩ ወስደን እንዲህ ብንሰበስበው ሌባው መገኘቱን እንጃ፤ ጎረቤትና ጎረቤት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ይተዋወቅ ነበር።

ቀጥሎ የአራዳ ዘበኛ መጣ፤ እሱም ከተማዋ ስታድግ በፖሊስ ተተካ። የሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌን ሲያመጣ ደግሞ ነዋሪው ራሱ ተራ እየገባ ሮንድ መውጣት ጀመረ። የእኔ ቢጤ ብርድ የማይችለው ሁሉ ካፖርት ደርቦ፣ ዱላ ይዞ ሲዞር ያድራል። ሌባው ቀነሰ ይላሉ የዚያን ጊዜ ሰዎች። ነገር ግን ያ የቀበሌ ዓይን ሌባውን ትቶ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ማን ምን እንዳነበበ ማየት ሲጀምር ምን እንደመጣ፣ ልጆቻቸውን ያጡ የአዲስ አበባ እናቶች ይነግሩናል። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ጥበቃ አይደለም። ዓይኑ የማን እንደሆነና ከጀርባው ምን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። እማማ ከሽንኩርቱ መደብ በስተጀርባ እስር ቤት የላቸውም። ያላቸው ትልቁ ቅጣት «ለእናትህ እነግርብሃለሁ» ነው። እሱንም የሚጠቀሙበት ሲቸግራቸው ነው።

አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጄን ጄኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ሞትና ሕይወት ባሳተመችው መጽሐፍ፣ መንገድን ሰላም የሚያደርገው ከፖሊሱ በፊት መንገዱ ላይ የሚውለው ሰው ዓይን ነው ብላ ተከራክራ ነበር። ባለሱቁ፣ በመስኮት የሚያየው፣ ደጅ ወጥቶ የሚቀመጠው። የኒውዮርክ ሰው ይህን እንዲያምን ወፍራም መጽሐፍ አስፈልጎታል። እኛ ግን መጽሐፉም ሳያስፈልገን በነጻ ነበረን። ሊስትሮው ጫማ እየጠረገ ማን እንደገባ ያያል፤ ቆሎ የምትሸጠው ማን ምን ይዞ እንደወጣ ታያለች፤ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች የማያውቁት ሰው ሲመጣ «ማንን ፈልገህ ነው?» ብለው ይከብቡታል። ሌባ ከዚህ ጥያቄ የበለጠ የሚፈራው ሽቦ የለም።

ታዲያ አንድ ሰሞን መንገዱ ይጽዳ ተባለና ጉሊቱ ሁሉ ተነሣ። ሊስትሮዎቹም ሄዱ፤ ልጆቹም መኪና ስለበዛ ግቢ ተከተቱ። ቅያሳችን ጸዳ። የጋዝ ሲሊንደራችንም አብሮ ጸዳ። ዘበኛው ተጠየቀ። «እኔ የማውቀው ሌሊቱን ነው፤ ይህ የተሰረቀው ቀን ነው» አለ። እውነቱን ነው። ቀኑን የሚያውቁት እማማ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ድንቻቸውን ይዘው ሁለት ቅያስ አልፈው ሄደዋል። ደግነቱ ጥቂት ቆይተው በጃንጥላ ሥር ተመለሱ፤ ማን እንደፈቀደላቸው አልተጠየቀም።

ይህ ጥበቃ ዋጋ አያስከፍልም ማለቴ አይደለም። እማማ ሌባውን እንደሚያዩት እኔንም ያዩኛል። ስንት ሰዓት እንደገባሁ፣ ማን እንደሸኘኝ፣ ፌስታሌ ውስጥ ሥጋ ይሁን ሽሮ ሳይጠይቁ ያውቃሉ። አንድ ጊዜ «ሰሞኑን ከሳህ፤ የቤት ኪራይ ጨመሩብህ እንዴ?» ብለውኛል። ጨምረውብኝ ነበር። የባንክ ሒሳብ ቁጥሬን ብቻ ነው እስካሁን ያልጠየቁኝ፤ ባዶ መሆኑን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። በአጥር ውስጥ አጥር አጥሮ፣ ጥቁር መስተዋት ባለው መኪና ገብቶ የሚወጣው ጎረቤቴ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ማንም ስለ እሱ ምንም አያውቅም። ሌባ ገብቶ ዕቃውን በጭነት መኪና ሲያወጣ ቢያድር ሰፈርተኛው ቤት እየለቀቀ መስሎት «እግዜር ይከተልህ» ብሎ ይሸኘዋል።

ሌላም ነገር አለ። ቤት ውስጥ ወርቅ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚፈተሸው የሠራተኛዋ ሻንጣ ነው። አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ በዚህ ምክንያት እያለቀሰች በር ላይ ቆማ ነበር። ከሰሷት፤ ልትባረርም ነው። እማማ ከመደባቸው ተነሥተው መጡ። «ይህቺ ልጅ ጠዋት ወፍጮ ሄዳ ዱቄት ይዛ ነው የተመለሰችው፤ ሌላ እግሯን አላነሣችም። ወርቁን ደህና አድርጋችሁ ፈልጉ» አሉ። ወርቁ ከሶፋው ትራስ ሥር ተገኘ። ሯጩንም እንዲሁ ነው የሚያተርፉት፤ «ሌባ!» ሲባል ቀድመው «ኧረ ተዉት! የታክሲ ነጂው ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ ይሮጣል!» ብለው ይጮኻሉ። ሌባ ሻይ ሁልጊዜ ሌባ ያገኝ ነበር፤ የተሳሳተ ቤት ቢሆንም ያገኝ ነበር። ሰው የሚያውቅ ሰፈር ግን ከመያዝ ይልቅ መልቀቅን ያውቅበታል። እኔ ሰላም የምለው ይህን ነው፤ የሠራሁት ሲታወቅብኝ፣ ያልሠራሁትም ሲታወቅልኝ።

ባለፈው የሰፈር ስብሰባ ላይ ይህንኑ ለማስረዳት ሞከርኩ። አጀንዳው በየቤቱ ተዋጥቶ ለቅያሱ የጋራ ካሜራ ይገዛ የሚል ነበር። እኔ እጄን አውጥቼ፣ በገንዘቡ ለእማማ ደህና ጃንጥላና መቀመጫ ብንገዛላቸው፣ ከእሳቸውም አዘውትረን ሽንኩርት ብንገዛ ይሻለናል አልኩ። ቤቱ ሳቀ። «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው» ተባልኩ። ካሜራው በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ፤ ጎማቸው የተመለሰላቸው ሰውዬም ደግፈው እጃቸውን አወጡ።

ካሜራው ተገዝቶ መጣ። ከእማማ መደብ አጠገብ ያለው ምሰሶ ላይ ተሰቀለ፤ ቅያሱን ከዳር እስከ ዳር የሚያሳየው ቦታ እሱ ሆኖ ተገኘ፤ እሳቸውም የመረጡት በዚያው ምክንያት ነበር። ሠራተኛው መሰላሉን ሲያነሣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ዞር ብለው ካሜራውን አዩት፤ ሲያዩት ውድ ይመስላል፤ ምሰሶውም ረጅም አይደለም። ትንሽ አሰቡና ወደ እማማ ጠጋ አሉ።

«እማማ፣ እንግዲህ ይህችን ካሜራ አደራ። እንዳይሰርቁብን።»

እማማ ሽንኩርታቸውን እየደረደሩ ቀና እንኳ አላሉም።

«ለእሷ ስንት ትከፍሉኛላችሁ?»

ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።